ለሽማግሌዎቹ ያቀረብኩት ወንበር

ባለፈው ሰሞን አንድ ወጣትና አንዲት ወጣት ቤቴል ካለው ቤቴ ድረስ መጥተው ነበር። ስለ ሟቹ ባለቤቴ መታሰቢያ መጽሔት እያዘጋጀን ነው አሉኝ። ልጅቱ ገና ከመቀመጧ፣ እሱ በዚያ በጃንሆይ ዘመን ካደረገው ንግግር አንዱን ዓረፍተ ነገር በቃሏ ደገመችልኝ፦ «ወንበር ያቀረበች ሴት፣ ያቀረበችው ወንበሩን ብቻ ነው፤ ራሷን አይደለም።»

«እማማ፣ በዚያን ጊዜ እንዲህ ማሰብ! ይህን ሐሳብ ከየት ያመጡት ይመስልዎታል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እንጃ ልጄ» አልኳት። ሻይ ጠጡ፤ ፎቶግራፍ ወሰዱ፤ ሸኘኋቸው።

ከየት እንዳመጣው ግን አውቃለሁ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሞተዋል፤ ባለቤቴም ሞቷል። የሞተ ሰው መልስ መስጠት አይችልም ይሉኝ ይሆናል። እኔም በሕይወት እያለሁ መልስ እንድሰጥ ዕድል አልተሰጠኝም ነበርና፣ በዚህ እኩል ነን።

ያን ጊዜ ኮልፌ ግማሿ ከተማ፣ ግማሿ ገጠር ነበረች። ዛሬ ዓለም ባንክ የሚባለው ሰፈር ባቄላ ይዘራበት ነበር። ከጦር ኃይሎች አልፈው ወደኛ ሲመጡ ክረምት ላይ ጫማ በእጅ ይያዛል። አባቴ በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ ዕቃ እየተሸከመ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ በአንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት መኪና ጸሐፊ ሆኜ ነበር።

መሥሪያ ቤቱ ከገበያው ጀርባ፣ በባሕር ዛፍ የተከበበ የአንድ መኳንንት ቪላ ተከራየ። በከተማችን የአፍሪካ አገሮች ስለ ሰብአዊ መብትና ስለ ሴቶች መብት ሊሰበሰቡ ነበርና፣ እንግዳ መቀበልም ለአገሩ መናገርም የሚችል ሰው ያስፈልጋል ተባለ። ስለዚህ ቪላው ውስጥ ስልጠና ተከፈተ። ጠዋት ፕሮቶኮል፣ ከሰዓት በኋላ ሰብአዊ መብት። ከሠልጣኞቹ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። ከኮርሱ አንደኛ የወጣ ሠልጣኝ ከልዑካኑ ጋር በአዳራሹ ይቀመጣል፤ ፊት ለፊቱም ስሙ የተጻፈበት ካርድ ይቆማል ተባልን። እኔ የፈለግሁት ያንን ነበር። ሌላ ነገር አልፈለግሁም። በገዛ ስሜ የሚጠራ ወንበር።

ፕሮቶኮል የሚያስተምሩን ባላምባራስ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በቤተ መንግሥት እንግዳ ሲያስገቡና ሲያስወጡ የኖሩ ሰው። ከሳሎኑ ጫፍ አንድ ባዶ ወንበር ያስቀምጡና እጅ እንድንነሳለት ያደርጉናል። ከዚያ ጀርባችንን ለባዶው ወንበር ሳንሰጥ ወደ ኋላ እየተራመድን መውጣት ነው። አንድ ቀን አንዱ ሠልጣኝ ወደ ኋላ ሲሄድ ከበሩ ጋር ተላተመ።

«የኔ ጌታ፣» አሉት ባላምባራስ፣ «በበሩ ነው የምትወጣው ወይስ በሩን ተሸክመህ?»

ሳቅን። ሲቀልዱ ደግ ሰው ይመስሉ ነበር።

አንድ ትምህርታቸው ግን ቀልድ አያውቅም። «ታላቅ ሰው ቆሞ ካያችሁ አእምሯችሁ እስኪያስብ አትጠብቁ። እጃችሁ ቀድሞ ወንበሩን ያግኝ» ይሉን ነበር። ይህንንም በቃል ብቻ አልተዉትም። በትምህርት መካከል ወጥተው ድንገት ይመለሱና በሩ ላይ ይቆማሉ። እጁ የዘገየ ሠልጣኝ ቀሪውን ትምህርት ቆሞ ይከታተላል። እኔ አንድም ቀን ቆሜ አልተማርኩም። እጄ ከእኔ ይቀድም ነበር። «ይቺን ልጅ ተመልከቱ፣ ወንበሩ የሚጠራት ነው የሚመስለው» እያሉ ያወድሱኛል። እኔም በውዳሴው እኮራ ነበር።

የከሰዓት በኋላው መምህር ውጭ አገር ሕግ ተምሮ የተመለሰ ሰው ነበር። ሁላችንንም፣ እኔን ጭምር፣ «እርስዎ» ይለናል። መብት ከአጠራር ይጀምራል ባይ ነበር። ሲያስተምር ድምፁ ያምራል፤ ይህን አልክድም። ጋብቻ በሁለቱም ወገን ሙሉና ነፃ ፈቃድ ብቻ ይፈጸማል የሚለውን ያስተማረን እሱ ነው። ያን ዕለት ከወንዶቹ አንዱ «ጌታዬ፣ ሴት ልጅ አፍ አውጥታ እሺ ያለችበት አገር የት ነው?» ብሎ ቀለደ። ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ አልሳቀም።

«ዝምታ ፈቃድ አይደለም፤ ፈቃድ ይነገራል» አለና ወደኔ ዞረ። «እርስዎ ምን ይላሉ?»

በዚያ ዕድሜዬ ስለ ጋብቻ ምን ትያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ሁለተኛ አልጠየቀኝም።

የመጨረሻው ፈተና የግብር እንግዶችን በማዕረጋቸው ማስቀመጥ ነበር። እርስ በርሳቸው የማይነጋገሩ ሚኒስትሮች፣ አንድ ጳጳስ፣ ሁለት አምባሳደሮችና ሚስቶቻቸው በአንድ ገበታ ዙሪያ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥ መሥራት። ማንም ሳይቀየም አስቀመጥኳቸው። ውጤቱ ቪላው ደጃፍ ሲለጠፍ አንደኛ ነበርኩ። አባቴ ወሬውን በሰማ ዕለት ለደንበኞቹ ሁሉ ጨርቁን ከልኩ አስረዝሞ ሲቆርጥ ዋለ።

በማግሥቱ ባላምባራስ አስጠሩኝ። ጠረጴዛቸው ላይ የስብሰባው ትልቅ እራት የአቀማመጥ ሥዕል ተዘርግቷል።

«ልጄ፣ የት ላስቀምጥሽ?» አሉኝ።

«ከልዑካኑ ጋር ነዋ፣ ባላምባራስ።»

«የማን ሚስት ተብለሽ?»

«የማንም ሚስት አይደለሁም።»

«እኮ! ሚስት በባሏ ማዕረግ ትቀመጣለች። ያላገባች ሴት በቅደም ተከተሉ ውስጥ ቦታ የላትም። ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።»

«እራቱ ይቅርብኝ። አዳራሹ ይበቃኛል።»

«በአዳራሽ የተቀመጠ እራት ይጠራል። እራት የማይጠራ ደግሞ በአዳራሽ አይቀመጥም።» ጣታቸውን በሥዕሉ ላይ ቀስ አድርገው አዞሩት። «ሚስት ብትሆኚ ግን የባልሽ ቦታ ቦታሽ ነበር።»

እኔ ደንብ የሚያስረዱኝ መስሎኝ ነበር። የሚያግባቡኝ መሆናቸው አልገባኝም።

መስቀል አልፎ አባቴ ከአገር ቤት በተመለሰበት ሳምንት፣ እሑድ ዕለት፣ ከቤታችን ጓዳ ሆኜ ሳሎን ውስጥ የወንዶች ድምፅ ሰማሁ። እናቴ የውኃ ብርጭቆዎች የተደረደሩበትን ዝርግ ሳህን አስያዘችኝና «አድርሺ፣ እንግዶች መጥተዋል» አለችኝ። እነማን እንደሆኑ አልነገረችኝም። ታውቅ እንደነበረ ኋላ ደረስኩበት።

ልጅ ለመጠየቅ የመጡ ሽማግሌዎች ጉዳያቸው ሳይሰማ አይቀመጡም። ይህን የማያውቅ የለም። በር ላይ ቆመው ይናገራሉ፤ የቤቱ ባለቤት ቁጭ በሉ እያለ ይለምናቸዋል፤ እነሱም አንቀመጥም እያሉ ይግደረደራሉ። ከተቀመጡ ነገሩ መንገድ ያዘ ማለት ነው። አንዳንዱ አባት የልጁን ሐሳብ እስኪሰማ ድረስ ሦስቴም አራቴም ቆመው እንዲመላለሱ ያደርጋቸዋል። ቆሞ መመላለሱ ለልጅቱ ጊዜ መስጫ ነው።

መጋረጃውን ገልጬ ወጣሁ። በሩ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመዋል። ከፊት የቆሙት ባላምባራስ ነበሩ፤ ነጭ ኩታ ለብሰው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው። አባቴ እጁን ዘርግቶ «ኧረ ይግቡ፣ ይቀመጡ» ይላል። እሳቸው ወደኔ ዞሩና አዩኝ፤ ሁልጊዜ በትምህርት መካከል ሲመለሱ እንደሚያዩኝ።

ሳህኑን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጤን አላስታውስም። የማስታውሰው ወንበሩን ነው። እጄ አገኘው፤ ሳበው፤ ከኋላቸው አድርጎ ትክክል አቆመው። ባላምባራስም ተቀመጡ።

ከዚያ ባላምባራስ ጭናቸውን መትተው ሳቁ።

«አያችሁ? ሽማግሌ ቆሞ ነበር የሚለምነው። እኛን ግን ሳንለምን ልጅቱ ራሷ አስቀመጠችን! ከዚህ በላይ ምን ቃል ይፈለጋል?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ልቡ የተገላገለ ሰው ሳቅ ነበር። እኔ የወንበሩን መደገፊያ እንደያዝኩ ነኝ።

«ባላምባራስ፣ ያስተማሩኝን ነው ያደረግሁት» አልኩ።

«ታዲያ ደህና አድርጌ አስተምሬያለሁ!» አሉ። ሳቁ ጨመረ። አባቴ በዓይኑ ወደ ጓዳ ላከኝ። የተላኩት ለሰብአዊ መብት መምህራችን መሆኑን የሰማሁት ከመጋረጃው ጀርባ ነው።

እውነቱን ለመናገር ስሙን ስሰማ ተንፈስ አልኩ። እሱ ይህን አይቀበልም ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌዎቹ በራሳቸው ያደረጉት ነው፤ እኔን ሳይጠይቅ እንዲህ አያደርግም። በማግሥቱ ቪላው ድረስ ሄጄ ብቻውን አገኘሁትና ነገርኩት፦

«እኔን የጠየቀኝ የለም። እርስዎ ፈቃድ ይነገራል ብለውናል። እኔ አልተናገርኩም።»

ወረቀቱን እየሰበሰበ ፈገግ አለ። «ወንበሩን ያቀረብሽው አንቺ ነሽ አሉኝ እኮ።»

«አንቺ» ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

«ያስተማሩንስ?»

«እሱ ስለ ሕግ ነው። ይኼ የቤተሰብ ጉዳይ ነው። ደግሞ እስኪ አስቢው፤ ቦታ የለሽም አልተባልሽም? አሁን ቦታ አገኘሽ።»

ለአባቴ አልፈልግም አልኩት። ሱቁን እየዘጋ ነበር።

«ታዲያ ወንበሩን ማን አቀረበው?» አለኝ። «ሽማግሌ አስቀምጬ ላስነሳ? እነዚያን የመሰሉ ሰዎች? በዚህ ገበያ ውስጥ ከዚያ ወዲያ ማን ቀና ብሎ ያየኛል?»

«አባባ፣ እኔ እኮ...»

«አንቺ አስቀምጠሻቸዋል። አለቀ። ካልሆነ ቪላ የሚባል ነገር አይኖርም፤ መሥሪያ ቤትም አይኖርም፤ ከዚህ መደርደሪያ ጀርባ ትቀመጫለሽ።»

ሠርጉ ተደረገ። ስለ ሠርጉ የምለው የለኝም። ስለዚያ ቤትም ብዙ አልናገርም፤ ከቪላው ብዙም የማይርቅ፣ ግቢው በግንብ የታጠረ ደህና ቤት ነበር። መስኮቶቹ ሁሉ የሚያሳዩት ግንቡን ነው። በመሥሪያ ቤቱ በቦታዬ ሌላ ጸሐፊ ተተካ፤ እኔ ግን ሳልጠየቅ ስሰናበት እንኳ አዳራሹ አለ ብዬ ቻልኩት።

ስብሰባው ሲቃረብ ስለ ወንበሬ ጠየቅሁት። እራት እየበላን ነበር።

«ባልና ሚስት ከአንድ የልዑካን ቡድን ሁለት ወንበር አይይዙም» አለኝ። «እንዴት ይህን አጣሽው? ለሚስቶች የራሳቸው መርሐ ግብር አለ።»

መርሐ ግብሩን አውቀው ነበር። ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ስልጠናው ላይ ሳለን ባላምባራስ «የልዑካን ሚስቶች የሚውሉበትን ሥሩ» ብለው ሲያዙን፣ እኔ የጥልፍ ትምህርት ቤትና የኮልፌን ገበያ አስገብቼ፣ በዚያው ለአባቴ ክብር ብዬ የአባቴን ሱቅ ጨምሬ ነበር። ወደውት አስቀመጡት። በዚያ መርሐ ግብር የምዞረው እኔው ራሴ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሳታገቢ ቦታ የለሽም አሉኝ፤ ሳገባ ደግሞ ቦታሽ የሚስቶቹ አውቶቡስ ነው አሉኝ።

ከዚያ፣ ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ «ንግግሩን ግን አንቺ አርቅቂልኝ። አማርኛሽ ከኔ ይሻላል» አለኝ።

አረቀቅሁለት። ለምን እምቢ አላልሽም የሚለኝ ሰው ያንን ግንብ ለብዙ ወራት ቁጭ ብሎ ይየውና ከዚያ ይጠይቀኝ። ሌላ የምናገርበት ቦታ አልነበረኝም። ስለ ጋብቻ ፈቃድ የሚናገረው ክፍል ላይ ስደርስ ያንን ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ። ወንበር ያቀረበች ሴት፣ ያቀረበችው ወንበሩን ብቻ ነው፤ ራሷን አይደለም። እዚያ ሲደርስ ምላሱ ይተሳሰራል ብዬ ነበር። ካልሆነም ቀና ብሎ ያየኛል።

ረቂቁን ፊቴ ተቀምጦ አነበበው። እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ እርሳሱን አነሳና አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨመረ።

«ይቺ ምሳሌ ጥሩ ናት። ከየት አመጣሻት?» አለኝ።

እየቀለደብኝ ይሁን ረስቶት ይሁን ያን ጊዜም አልገባኝም፤ አብሬው በኖርኩባቸው ዓመታት ሁሉም አልገባኝም። የትኛው እንደሚብስም አልወሰንኩም።

ስብሰባው በተከፈተ ዕለት እሱ በመኪና ወደ አዳራሹ ሄደ፤ እኔ ከልዑካኑ ሚስቶች ጋር በትንሽ አውቶቡስ ወደ ኮልፌ። ደረቴ ላይ ያለው ካርድ «የእገሌ ባለቤት» ይላል፤ እገሌ ያልኩት የሱ ስም ያለበት ቦታ ነው። አስተናጋጅ ስለሆንኩ መጨረሻ እገባለሁ፤ በሩ አጠገብ ያለችው ትንሽ ወንበር የኔ ናት። ተማሪ እያለሁ በእግሬ የምመላለስበትን መንገድ በመስታወት እያየሁ አለፍኩት። የገበያ ሰዎች አውቀውኝ በጣታቸው ያሳዩኛል። ልውረድ ብል የት እወርዳለሁ?

አባቴ ሱቁ ደጃፍ ላይ አዲስ ኮት ለብሶ ቆሞ ጠበቀን። እንግዶቹ ጥልፍና ነጠላ እያነሱ ሲያዩ ሬዲዮው የቀን ዜና ጀመረ። ሱቁ በደንበኛና በጎረቤት ነጋዴ ተሞልቷል።

«ዝም በሉ! ዝም በሉ እንጂ!» አለ አባቴ። «አማቼ ነው የሚናገረው!»

አንዱ ጎረቤት ነጋዴ «አንተ ሰውዬ፣ የምትናገረው አንተ ነህ እኮ የሚመስለው» አለው። ሳቁ። ከዚያ የባለቤቴ ድምፅ መጣ፤ ያ የሚያምር ድምፅ። ዜናው ከረጅሙ ንግግር ቆርጦ ያሰማው ያንን ክፍል ነበር። ነጠላ ሰረዙ ላይ ትንሽ ቆም አለና ቀጠለ፦ ያቀረበችው ወንበሩን ብቻ ነው፤ ራሷን አይደለም። አዳራሹ ሲያጨበጭብ በሬዲዮ ይሰማል።

ከሚስቶቹ አንዷ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። የገዛ ቃሌን እንደ ሰው ቃል አድርጌ በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላት። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር የምትኖሪ ዕድለኛ ነሽ» አለችኝ። ባላምባራስ እንዳስተማሩኝ ፈገግ አልኩ። ሱቁ ውስጥ ያሉት ነጋዴዎችም «የተማረ ሰው ማለት እንዲህ ነው!» እያሉ አባቴን ጨበጡት።

አባቴ እጁን ሰጣቸው እንጂ አላያቸውም። መለኪያው ሜትር በሌላው እጁ እንደተንጠለጠለ ቀርቷል። የሚያየው እኔን ነበር። ሽማግሌዎቹ በመጡ ዕለት ሳሎኑ ውስጥ ነበር፤ ወንበሩን ስስብ አይቷል፤ አብሮ ስቋል። በዚያ ሱቅ ውስጥ ዓረፍተ ነገሩ ከማን እንደመጣ ያወቀው እሱ ብቻ ነው።

ሬዲዮውን ዘጋው። ከመደርደሪያው ጀርባ ጎንበስ አለና የራሱን ወንበር አወጣ፤ ለማንም ሰጥቶት የማያውቀውን። በኮቱ እጅጌ ጠረገው። ፊቴ አስቀመጠው።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አለኝ።

እንግዶቹ የአገር ልማድ መስሏቸው ቆመው ያያሉ።

«ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም፣ አባባ» አልኩት።

አፉን ከፈተ። ጎረቤቶቹን አየ፤ ሚስቶቹን አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ ጨርቁ መለሰ።

«እንግዶችሽ ቆመዋል» ቀስ ብሎ አለኝና ለአንዷ ነጠላ ዘርግቶ ማሳየት ጀመረ።

የአውቶቡሱ ጥሩምባ ተነፋ። ሁሉንም አስቀድሜ፣ መጨረሻ ገባሁ። በሩ ሲዘጋ ወንበሩ ባዶውን ሱቁ መሐል ቆሞ ነበር፤ ሰው ሁሉ ዞሮት ያልፋል።

ከዚያ ወዲያ አባቴ እኔ በመጣሁ ቁጥር ያን ወንበር ሳይናገር ያወጣል፤ ይጠርጋል፤ ፊቴ ያስቀምጣል። እኔም በመጣሁ ቁጥር ቆሜ እቆያለሁ። ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ፤ ስለ ቤቴ ይጠይቀኛል። ሁለታችንም ወንበሩን አናየውም። እስኪሞት ድረስ ጉዳይሽ ምንድን ነው አላለኝም፤ እኔም እስኪሞት ድረስ እዚያ ሱቅ ውስጥ አልተቀመጥኩም።